የጥንቸል ሥጋ ምግብነቱ ሳይባክን ከገበታ እንዲደርስ፦ ለድሬዳዋ ቤተሰቦች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ስለ ጥንቸል ሥጋ በድሬዳዋ የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ጫፍ አያልፍም። አንዱ ወገን «የሚበላ ነገር አይደለም» ብሎ ይዘጋዋል፤ ሌላው ደግሞ ስብ የሌለው፣ ኮሌስትሮል ያልነካው፣ ለበሽተኛ ሁሉ የሚስማማ ሥጋ አድርጎ ያቀርበዋል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ሥጋውን ለመብላት አስቀድሞ ለወሰነ ቤተሰብ ሲሆን፣ የሚያሳየውም ከአንዲት ጥንቸል ምን ያህል ምግብ እንደሚገኝ ለክቶ የማወቂያውን መንገድና የተገኘው ምግብ በሙቀት፣ በውኃና በጨው እንዳይበላሽ የሚደረገውን ጥንቃቄ ነው። በሠንጠረዥ ላይ የሚነበበው ቁጥር አጥንት ለሌለው ጥሬ ሥጋ የተሰጠ ነው፤ ከሳህኑ ላይ የሚደርሰው ግን ያረደው፣ ያጠበውና ያበሰለው ሰው ያተረፈው ያህል ብቻ ነው።

ለሥራው የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፤ የወጥ ቤት ሚዛን፣ ስለታም ቢላዋ፣ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ብረት ድስት፣ ከተገኘም የምግብ ቴርሞሜትር ይበቃል። ሚዛኑን ግን መተው አይቻልም፤ ያለ እርሱ ከዚህ በታች ያለው ስሌት ሁሉ ግምት ሆኖ ይቀራል።

1. የሚበላውን ሰው አስቀድሞ መለየት

በድሬዳዋ በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤቶች ሳህን መለዋወጣቸው የተለመደ ስለሆነ፣ ሥራው ከምድጃው በፊት ከሰው ይጀምራል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ቁጥር 6 እና በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 ቁጥር 7 ጥንቸል ከማይበሉት እንስሳት ጋር ተቆጥራለች፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናንም ይህን ሥርዓት ስለሚጠብቁ አይበሏትም። በእስልምና በኩል አራቱ የሱኒ መዝሀቦች (የሃይማኖት ሕግ ትምህርት መንገዶች) የሚፈቅዱት ሲሆን፣ የነቢዩ ባልደረባ አነስ ያስተላለፉትና በቡኻሪ የሐዲስ ስብስብ የተመዘገበው ሐዲስም የታረደች ጥንቸል ጭን ለነቢዩ ተልኮ እንደተቀበሉት ይናገራል፤ በሺዓ ዘንድ ግን የተከለከለ ነው። ስለዚህ የሥጋው ዓይነት በግልጽ ሳይነገር ለማንም ጎረቤት ወይም እንግዳ አይቀርብም፤ ሲበስል ከዶሮ ጋር ስለሚመሳሰል ዝም ብሎ ማሳለፍ ቀላል መስሎ ቢታይም፣ የሰውን እምነት መንካት ነውና ፈጽሞ አይደረግም። የማይበላ ሰው ባለበት ቤት ድስቱም ቢላዋውም ተለይተው ቢቀመጡ መልካም ነው።

ጤናን በተመለከተ ሁለት ሰዎች ቆም ብለው ማሰብ ይገባቸዋል። የመጀመሪያው ሪህ ያለበት ሰው ነው፤ እንደ ሌላው ሥጋ ሁሉ የጥንቸል ሥጋም በሰውነት ውስጥ ወደ ዩሪክ አሲድ የሚለወጥ ፑሪን ስላለው መጠኑን መገደብ አለበት። ሁለተኛው ሐኪም የፕሮቲን ገደብ የሰጠው የኩላሊት ሕመምተኛ ሲሆን፣ «ቀላል ሥጋ ነው» የሚለውን የሰፈር ምክር ሰምቶ ገደቡን ማለፍ የለበትም።

2. ቁጥሩን በልኩ መረዳት

በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምግብ ይዘት ሠንጠረዥ መሠረት 100 ግራም አጥንት የሌለው የለማዳ ጥንቸል ጥሬ ሥጋ 136 ኪሎካሎሪ ኃይል፣ 20 ግራም ያህል ፕሮቲንና 5.6 ግራም ያህል ቅባት ይሰጣል። ከማዕድናት 1.6 ሚሊግራም ያህል ብረት፣ 213 ሚሊግራም ፎስፈረስና 330 ሚሊግራም ፖታሲየም ሲኖረው፣ ከቫይታሚኖች ደግሞ 7.3 ሚሊግራም ያህል ኒያሲንና 7.2 ማይክሮግራም ያህል ቫይታሚን ቢ12 ይገኝበታል። ኮሌስትሮሉ 57 ሚሊግራም ነው፤ ስለዚህ «ኮሌስትሮል የለውም» የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። ቫይታሚን ሲ የለውም፤ ካልሲየሙም እጅግ ጥቂት፣ 13 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው።

በእነዚህ ቁጥሮች ላይ የራሴን አስተያየት ልጨምር። በድሬዳዋ የፍየል ሥጋ የዕለት ምግብ ስለሆነ ንጽጽሩ ከእርሱ ጋር ቢደረግ ይበጃል፤ በዚያው ሠንጠረዥ ላይ የፍየል ጥሬ ሥጋ 109 ኪሎካሎሪ፣ 20.6 ግራም ፕሮቲን፣ 2.3 ግራም ቅባትና 2.8 ሚሊግራም ብረት አለው። ይህም ማለት የፍየል ሥጋ ከጥንቸል ሥጋ ይልቅ ቅባቱ ያነሰ፣ ብረቱም የበዛ ነው፤ ፕሮቲናቸው እኩል ሲሆን ኮሌስትሮላቸውም ተመሳሳይ ነው። ጥንቸል ፍየልን በግልጽ የምትበልጠው በቫይታሚን ቢ12 ነው፤ የፍየሉ 1.1 ማይክሮግራም ያህል ስለሆነ ልዩነቱ ከስድስት እጥፍ በላይ ይሆናል። የዶሮ ደረት ሥጋ በበኩሉ በፕሮቲን ትንሽ ቢበልጥም በብረትም በቢ12ም ከጥንቸል በጣም ያንሳል። እንግዲህ ጥንቸልን «ከሥጋ ሁሉ የሚበልጥ» እያሉ ማስተዋወቅ አያስፈልግም፤ በጓሮ ረብታ በጥቂት ወራት ለእርድ የምትደርስ፣ በቢ12 የበለጸገች እንስሳ መሆኗ ራሱ በቂ ምክንያት ነው።

ቢ12 በእንስሳት ሥጋ ውስጥ የሚገኘው ጥቃቅን ተሕዋስያን ስለሚሠሩት ነው። ጥንቸል ከትልቁ አንጀቷ መነሻ ላይ ባለው ሰፊ ከረጢት ውስጥ ተሕዋስያኑ የሠሯቸውን የቢ ቫይታሚኖች የምታገኘው ለስላሳውን በጠጧን መልሳ በመብላት ነው። ይህ ልማዷ ለሚያይ ሰው ደስ አይልም፤ ነገር ግን የእንስሳዋ ጤናማ ተፈጥሮ እንጂ በሽታ አይደለም፤ ሥጋውንም አያረክሰውም።

ኒያሲኑም ለሐረርጌ ሰው የተለየ ትርጉም አለው። ማሽላና በቆሎ ብቻ በሚበላበት ቤት፣ በተለይ የበቆሎው ኒያሲን ሰውነት በቀላሉ በማይወስደው መልክ የታሰረ ስለሆነ፣ እጥረቱ ፔላግራ የሚባለውን ቆዳን፣ ሆድንና አእምሮን የሚጎዳ በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ከማሽላ እንጀራ ጋር የሚቀርብ ጥቂት የጥንቸል ሥጋ ይህን ክፍተት ይሞላል፤ አንድ ጎልማሳ በቀን የሚያስፈልገው ኒያሲን ለሴት 14፣ ለወንድ 16 ሚሊግራም ነውና።

ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ማሳሰቢያ አለ። ከላይ ያሉት ቁጥሮች በቤት ለምትረባው ጥንቸል የተሰጡ ናቸው። በድሬዳዋ ዙሪያ በቁጥቋጦ ውስጥ ስትሮጥ የምትታየው የዱር ጥንቸል ዝርያዋ ሌላ ነው፤ የዱር ሥጋ ቅባቱ ከለማዳው በግማሽ ያህል ያነሰ ነው። በሰሜን ዋልታ አካባቢ ምግብ አጥተው ለሳምንታት የዱር ጥንቸል ብቻ የበሉ ሰዎች ሆዳቸው እየሞላ ይታመሙ እንደነበር ይታወቃል፤ ጉበት ከፕሮቲን የሚወጣውን ናይትሮጅን ከተወሰነ መጠን በላይ ማስወገድ ስለማይችል ቅባትና እህል የሌለበት ገበታ ሰውን ያዳክማል። እንጀራና ዘይት ባለበት ቤት ይህ አያሰጋም፤ ግን ከስቶ ለማማር ብሎ እህሉንም ዘይቱንም ትቶ ሥጋውን ብቻ ለሚበላ ሰው ሊነገረው ይገባል። የዱር ጥንቸል ቱላሪሚያ የሚባል በንክኪ የሚተላለፍ በሽታም ሊኖርባት ስለሚችል፣ ይህ መመሪያ ለማዳዋን ብቻ ይመለከታል።

3. ከእርድ በፊት ያሉትን ሳምንታት መጠቀም

ከብት፣ በግና ፍየል ያመሰኳሉ፤ በመኖው ውስጥ ያለውም ቅባት በጨጓራቸው ባሉ ተሕዋስያን ተለውጦ ጠንካራ ስብ ይሆናል። ጥንቸል እንዲህ ያለ ጨጓራ ስለሌላት የበላችው ቅባት ብዙም ሳይለወጥ ከሥጋዋ ይገባል። በዚህ የተነሣ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት አልፋልፋና ሌላ አረንጓዴ ቅጠል በብዛት የምትመገብ ጥንቸል ሥጋዋ በኦሜጋ 3 ቅባት ይሻላል፤ በእህልና በፉርሽካ ብቻ የምትሰባው ግን ሞራዋ እየበዛ ይሄዳል። ቅጠሉ በድንገት ሲለወጥ ሆዷ ስለሚታወክ ለውጡ በሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይደረጋል።

የጫት ገራባን፣ ማለትም ተቅሞ የሚተርፈውን ቅጠልና ቅርንጫፍ፣ በተመለከተ አጥብቄ የምናገረው አለኝ። በከተማችን ገራባ ለፍየል መስጠት የተለመደ ስለሆነ ለጥንቸልም የሚሰጡ አሉ። ጫት ፀረ ተባይ ተረጭቶበት ለገበያ ሊቀርብ ስለሚችልና ገራባው ከየት እንደመጣ ማወቅ ስለማይቻል፣ በቅርቡ ለምትታረድ ጥንቸል ገራባ መስጠት ምንም ጥቅም የሌለው አደጋ ነው።

4. በሙቀት ከተማ ውስጥ ማረድና መመርመር

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ያህል፣ ሐረር ደግሞ ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ በሁለቱ ከተሞች የሥጋ አያያዝ አንድ ሊሆን አይችልም። ባክቴሪያ ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ በፍጥነት ይራባል፤ የተለመደው ሕግ ሥጋ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ሲያዝ፣ የአየሩ ሙቀት ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ ግን ጊዜው ወደ አንድ ሰዓት ያጥራል። በግንቦትና በሰኔ የድሬዳዋ ቀትር ይህን ልክ የሚያልፍ ስለሆነ፣ እርዱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ገደማ ተጀምሮ ፀሐይ ሳትበረታ ማለቅ አለበት። ጥንቸሏ ራሷም ሙቀት ትፈራለች፤ ከ35 ዲግሪ በላይ ሊገድላት ይችላልና በቀትር በካርቶን አድርጎ ከገበያ ማምጣት አይገባም።

ማታውን መኖ ይከለከላል፤ ውኃ ግን እስከ መጨረሻው አይከለከልም። ባዶ ሆድ ያላት ጥንቸል ስትበለት አንጀቷ በቀላሉ ስለማይቀደድ ሥጋው አይበከልም። ከታረደች በኋላ ደሟ በሚገባ እንዲፈስስ ተደርጎ፣ ቆዳው ሲገፈፍ ጠጉሩ ሥጋውን እንዳይነካ ወደ ውጭ እየተገለበጠ ይወጣል። ሐሞቱ ሳይፈርስ ከጉበቱ ላይ ይነሣል።

አሁን ጉበቱን በብርሃን መመርመር ያስፈልጋል። ጤናማ ጉበት ጥቁር ቀይ፣ ለስላሳና አንድ ወጥ መልክ ያለው ነው። ነጭ ወይም ቢጫማ ነጠብጣብ ካለበት ብዙ ጊዜ ምልክቱ የጥንቸል ኮክሲዲያ በሽታ ሲሆን፣ ይህ በሽታ ወደ ሰው ባይተላለፍም ጉበቱ ይጣላል። ነጠብጣቡ በሳንባ ወይም በሌላ ብልት ላይም ከታየ፣ መግል ከተገኘ ወይም ሥጋው መጥፎ ሽታ ካለው፣ ሁሉም ተለይቶ ተቀምጦ የእንስሳት ሐኪም ይጠየቃል እንጂ «እሳት ያጠራዋል» ተብሎ አይበላም።

5. መመዘንና ማስላት

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ለምሳሌ በቁመናዋ 2.4 ኪሎ የምትመዝን ጥንቸል ቆዳ፣ ራስ፣ እግርና የሆድ ዕቃ ሲወጣላት ከክብደቷ ግማሽ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ይቀራል፤ 52 በመቶ ብንወስድ 1.25 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ከዚህ ላይ ለአጥንት አንድ አምስተኛ እቀንሳለሁ፤ በደንብ የሰባች ከሆነች አጥንቷ ከዚህ ያንሳል፤ ግን አሳንሶ መገመት ይሻላል። የሚቀረው 1 ኪሎ ንጹሕ ሥጋ 200 ግራም ፕሮቲን፣ 56 ግራም ያህል ቅባት፣ 1,360 ኪሎካሎሪ፣ 16 ሚሊግራም ያህል ብረትና 72 ማይክሮግራም ያህል ቢ12 አለው።

ይህ ሥጋ ለስድስት ሰው ሲከፈል ለእያንዳንዱ 167 ግራም ጥሬ ሥጋ ይደርሰዋል፤ በውስጡም 33 ግራም ፕሮቲን፣ 227 ኪሎካሎሪ፣ 2.6 ሚሊግራም ብረት፣ 12 ሚሊግራም ኒያሲንና 12 ማይክሮግራም ቢ12 ይኖራል። 60 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ በቀን የሚያስፈልገው ፕሮቲን 50 ግራም ያህል በመሆኑ ሁለት ሦስተኛውን አገኘ ማለት ነው። የቀን ቢ12 ፍላጎቱ 2.4 ማይክሮግራም ስለሆነ አምስት እጥፍ አገኘ። በብረት በኩል ግን ትህትና ያስፈልጋል፤ የወር አበባ የምታይ ሴት በቀን 18 ሚሊግራም ስለሚያስፈልጋት ይህ ድርሻ የሚሸፍንላት አንድ ሰባተኛውን ብቻ ነው። ደም ማነስ ላለባት እኅት «ጥንቸል ብዪ» ብሎ ከጤና ጣቢያ ማስቀረት የማይገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ እዚህ ላይ ነው። በሠንጠረዦች ላይ የተቀቀለ የጥንቸል ሥጋ በ100 ግራም 30 ግራም ፕሮቲን እንዳለው ይነበባል፤ ይህን አይቶ መቀቀል ፕሮቲን ይጨምራል ብሎ የሚያስብ አለ። የሆነው ነገር ሥጋው ሲበስል ውኃው ወጥቶ መኮማተሩ ነው፤ 167 ግራም የነበረው ጥሬ ሥጋ ከድስት ሲወጣ 110 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ፕሮቲኑ ግን ያው 33 ግራም ነው። ስለዚህ ሥጋው ጥሬውን ከተመዘነ በጥሬው ቁጥር፣ በስሎ ከተመዘነ በበሰለው ቁጥር ይሰላል፤ ሁለቱን ማደባለቅ ውጤቱን ከአንድ ሦስተኛ እስከ ግማሽ ያዛባል።

6. ማጠብና መበለት

በመጀመሪያ ጊዜ ሳበስል ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነበር። እንደ ዶሮ በጨውና በሎሚ ደጋግሜ አጠብኩት፤ ለሁለት ሰዓት ያህል ዘፈዘፍኩት፤ ከዚያም ቀቅዬ የመጀመሪያውን ውኃ ደፋሁት። ሥጋው ነጭና ንጹሕ መሰለ፤ ጣዕሙ ግን ጠፍቶ ነበር፤ ከጣዕሙም ጋር በውኃ የሚሟሙት የቢ ቫይታሚኖችና ፖታሲየም ከፊላቸው ከፍሳሹ ጋር ሄደዋል። በንጽሕና የተበለተ ሥጋ ጠጉርና የደም እንጥፍጣፊ እንዲለቅቅ አንድ ጊዜ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ መለቅለቅ ብቻ ይበቃዋል።

ከታረደ በኋላ ወዲያው የበሰለ ሥጋ ስለሚደርቅ፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ ተሸፍኖ ከጥቂት ሰዓታት እስከ አንድ ቀን ቢያርፍ ይለሰልሳል። አበላለቱ በመገጣጠሚያው በኩል መሆን አለበት፤ የጥንቸል አጥንት ቀጭን ስለሆነ በመጥረቢያ ወይም በከባድ ቢላዋ ሲመታ እንደ መርፌ ይሰነጠቅና በተለይ ለሕፃን አደገኛ ይሆናል። ሁለቱ ወርች እንዳሉ ተነሥተው፣ ሁለቱ የኋላ እግሮች ጉልበታቸው ላይ ለሁለት ለሁለት ተከፍለው፣ ሽንጡ ለሁለት፣ ጎድኑም ለሁለት ሲቆረጥ አሥር ቁራጭ ይወጣል። በኩላሊቱ ዙሪያ ያለውን ሞራ የሰውነት ክብደት መቀነስ የሚፈልግ ሰው ቢያወጣው የካሎሪው መጠን ይቀንሳል፤ ለከሳ ልጅ የሚበስል ከሆነ ግን ባይነሣ ይሻላል።

7. መረቁን ሳይደፉ ማብሰል

ከምጣድና ከከሰል ጥብስ ይልቅ ወጥ የምመርጠው ለጣዕሙ ብቻ አይደለም። ቅባቱ ጥቂት የሆነ ሥጋ በኃይለኛ እሳት ቶሎ ይደርቃል፤ በወጥ ውስጥ ግን ከሥጋው የሚወጣው ፈሳሽ በእንጀራ ተጠርጎ ስለሚበላ ምንም አይባክንም።

ለ1.25 ኪሎ አጥንት ያለው ሥጋ ግማሽ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ተከትፎ ያለ ዘይት በመጠነኛ እሳት ይቁላላ፤ ውኃው ሲመጥ አራት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይግባ፤ ከዚያም ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሁለት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ተጨምሮ ቁሌቱ እስኪበስል ይታሽ። በርበሬ ለማይስማማው ሰው በእርድ አልጫ ማድረግ ይቻላል። ሥጋው ገብቶ ሁሉም ጎኑ ቀለሙን ሲቀይር ሦስት የተከተፈ ቲማቲምና ሁለት ብርጭቆ ፍል ውኃ ይጨመርና ድስቱ ተከድኖ በዝግታ ይንተክተክ። ለጋ ጥንቸል ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት፣ ያረጀች ደግሞ እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጅባታል። በከፍታ ምክንያት ውኃ በድሬዳዋ በ96፣ በሐረር በ94 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ የሐረር ሰው ጥቂት ደቂቃ መጨመር ይኖርበታል። ቴርሞሜትር ያለው ሰው የወፍራሙ ታፋ መሐል 71 ዲግሪ መድረሱን ያረጋግጥ፤ የሌለው ደግሞ ሥጋው ከአጥንቱ በቀላሉ ሲላቀቅ ይወቅ። የጥንቸል ሥጋ እንደ ክትፎ ጥሬውን ወይም ለብ ለብ አድርጎ አይበላም።

ጨውና ዘይት የሚጨመሩት በማንኪያ ተለክተው እንጂ በዓይን መሆን የለበትም። የሥጋው ሶዲየም በ100 ግራም 41 ሚሊግራም ብቻ ሲሆን፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ግን 2,300 ሚሊግራም ያህል አለው፤ ሁለት ማንኪያ ጨው የገባበት ድስት ለስድስት ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ ከ750 ሚሊግራም በላይ ይደርሰዋል፤ «ደም ግፊት ላለበት የሚስማማ ሥጋ» የተባለውም በዚያች ማንኪያ ያበቃል። ዘይትም እንዲሁ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ኪሎካሎሪ ያህል ስለሆነ፣ አራቱ ብቻ የሥጋውን ኃይል አንድ ሦስተኛ ያህል ይጨምራሉ። ጨው በመጨረሻ፣ ወጡ ሲወርድ ቢገባ በጥቂቱ ይጣፍጣል።

አጥንቱን መጣል አያስፈልግም። ሥጋው ከተላቀቀ በኋላ አጥንቱ ለብቻው ተቀቅሎና ስንጥሩ እንዳይቀር በጥሩ ወንፊት ተጠልሎ፣ መረቁ ለሾርባ፣ በሐረሪዎች ቤት ከአብሽ ለሚዘጋጀው ሁልበትም መረቅ ይሆናል።

8. ከጎኑ የሚቀርበውን መምረጥ

ሥጋው የጎደለውን ገበታው ይሞላዋል። ቫይታሚን ሲ በእንጀራና በሽሮ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዲወስደው ስለሚረዳ፣ ወጡ ከወረደ በኋላ ጥሬ ቃሪያና የሎሚ ጭማቂ ይጨመርበት፤ ከምግቡም በኋላ ከቀፊራ ገበያ የመጣ ዘይቱን (ጉዋቫ)፣ ፓፓያ ወይም ብርቱካን ይቅረብ። ከእነዚህ ዘይቱንን አስቀድማለሁ፤ በቫይታሚን ሲ ብርቱካንን በብዙ እጥፍ ይበልጣልና። ለካልሲየም ጎመን ወይም በሌላ ሰዓት የሚጠጣ የግመል ወይም የላም ወተት ያስፈልጋል። ወጡ ከማሽላ እንጀራ ጋርም ሆነ ከለሆህ (ስስ የሶማሌ እንጀራ) ወይም ከሩዝ ጋር ይስማማል።

ሻይ ግን ከምግቡ ጋር አይጠጣ። በሥጋው ውስጥ ያለው ብረት ብዙም ባይነካም፣ በእንጀራውና በጥራጥሬው ውስጥ ያለውን ብረት የሻይና የቡና ታኒን ስለሚያስረው ቢያንስ አንድ ሰዓት መቆየት ያስፈልጋል፤ ከምሳ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ በርጫ የሚሄድ ሰውም ጫት ታኒን እንዳለው አይርሳ።

9. ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች

ስድስት ወር የሞላው ሕፃን ከእናት ጡት ጋር ተጨማሪ ምግብ ሲጀምር ሥጋውን መመገብ ይችላል። አጥንቱ በጣት እየተዳሰሰ ሙሉ በሙሉ ይወጣል፤ ሥጋው በመረቁ ይፈጫል ወይም እጅግ ተደቅቆ ከገንፎ ጋር ይለወሳል፤ ጨውና በርበሬ አይገባበትም። ለሁለት ዓመት ልጅ 30 ግራም የበሰለ ሥጋ 9 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጠዋል፤ የዚህ ዕድሜ የቀን ፍላጎት 13 ግራም ስለሆነ ከግማሽ በላይ ተሟላለት ማለት ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ሥጋውን በሚገባ በስሎ ብትበላ ይጠቅማታል፤ ጉበቱን ግን፣ ቫይታሚን ኤ በብዛት ስላለውና ከመጠን ሲያልፍ ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ለሌላው የቤተሰብ አባል ትተው። የሐኪም የብረት እንክብሏንም በሥጋው ምክንያት አታቋርጥ።

10. የተረፈውን ማቆየት

ያልበሰለ ሥጋ በ4 ዲግሪ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከሁለት ቀን በላይ አይቆይም። የጥንቸል ቅባት ከከብት ጮማ ይልቅ ቶሎ የሚሻግት ዓይነት ስለሆነ፣ በፍሪዘር የሚቀመጠው አየር በማያስገባ ላስቲክ በደንብ ተጠቅልሎ፣ ቀኑም ተጽፎበት ይሁን፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ከሦስት ወር በላይ ማስቀመጥን አልመክርም። መብራት ጠፍቶ የቀለጠና የሞቀ ሥጋ ተመልሶ አይበርድም፤ በረዶው ገና ያልለቀቀው ግን ወዲያው ሊበስል ይችላል። የበሰለው ወጥ በትልቅ ድስት ሆኖ ሲቀመጥ መሐሉ ለረዥም ሰዓት ሳይበርድ ስለሚቆይ በትንንሽ ዕቃ ተከፋፍሎ ይግባ፤ በሦስት ቀን ውስጥም ይበላ። ሲሞቅ የሚበላው ያህል ብቻ ወጥቶ እስኪፈላ ይሙቅ፤ አንድ ጊዜ ሞቆ የተረፈውን ደግሞ ወደ ማቀዝቀዣው አለመመለስ ነው።